በክሪኬት ምን ይሸጣል? በቴሌግራም ስለሚቀርብ «የታወቀ ውጤት» ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሻርጃ ውስጥ በአንድ መጋዘን ነው የምሠራው። አብረውኝ የሚኖሩት ህንዶችና ፓኪስታኖች ክሪኬት ሲያዩ እኔም ለመድኩት፤ አሁን ሕጉን በደንብ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ተጫዋች ቀላል ኳስ ከእጁ ባመለጠው ወይም ቦውለር (ኳስ ወርዋሪው) መስመር ባለፈ ቁጥር ‹ተሽጧል› ይላሉ። በቅርቡ ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ጨዋታ የሚናገር የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አስገባኝ። ሁለት ጊዜ በነፃ ነገሩኝ፤ ሁለቱም ልክ ሆኑ። ለሦስተኛው 500 ድርሃም ክፈል ብለውኛል። ክሪኬት በእርግጥ ይሸጣል? የሚሸጥ ከሆነስ እነዚህ ሰዎች ሊያውቁ አይችሉም? ሻጮቹ ተጫዋቾችስ ለምን አይታሰሩም?»

ምላሽ፦ 500 ድርሃሙን አይክፈሉ። ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ፤ በቅድሚያ ግን በጥያቄዎ ውስጥ አንድ ላይ የተቋጠሩትን ነገሮች መፍታት ያስፈልጋል። ክሪኬት ውስጥ ማጭበርበር መኖሩ በፍርድ ቤትም በስፖርት ችሎትም ደጋግሞ የተረጋገጠ ነው። ተመልካች በቴሌቪዥን አይቶ ያውቀዋል የሚለው ግን ከሞላ ጎደል ስሕተት ነው፤ ያወቀው ሰው ለማያውቀው መንገደኛ በ500 ድርሃም ይሸጥለታል የሚለው ደግሞ ጨርሶ ውሸት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባልደረቦችዎ «ተሽጧል» ሲሉ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተወስኗል ማለታቸው ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ተሞክሯል፤ ይሁንና ውጤትን መሸጥ ከባድና ውድ ሥራ ነው። በአንድ ወገን አሥራ አንድ ሰው ይሰለፋል፤ አንዱ መቺ ሆን ብሎ ከጨዋታ ቢወጣ ተከታዩ መቶ ራን (ነጥብ) ሊያስቆጥር ስለሚችል፣ ገዢው ቢያንስ አምበሉንና ሁለት ሦስት ቁልፍ ተጫዋቾችን መያዝ ግድ ይለዋል። የጨዋታውን ቁራጭ ለመሸጥ ግን አንድ ሰው ይበቃል። ክሪኬት ደግሞ በተፈጥሮው ለዚህ የተመቸ ነው። እያንዳንዷ ኳስ ለብቻዋ ተወርውራ፣ ተመትታና ተቆጥራ ትመዘገባለች፤ ስድስት ኳስ አንድ ኦቨር ይሆናል፤ ቲ20 በሚባለው አጭር ጨዋታ አንድ ቡድን እስከ 120 ሕጋዊ ኳስ ይገጥመዋል፤ ረጅሙ የቴስት ግጥሚያ ደግሞ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል። ስለዚህ ተወራራጁ ማን ያሸንፋል በሚለው ብቻ ሳይወሰን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ኦቨሮች ስንት ራን እንደሚቆጠር፣ እገሌ የተባለው መቺ ከ20 ራን ማለፍ አለማለፉን፣ የሚቀጥለው ኦቨር ምን ያህል እንደሚያስገኝ እየገመተ ገንዘብ ያስይዛል። የአወራራጁ ግምት ኳስ በተወረወረ ቁጥር ከፍና ዝቅ ይላል። አንድ ቦውለር በሚቀጥለው ኦቨር ሆን ብሎ ብዙ ራን እንደሚሰጥ አስቀድሞ የሰማ ሰው ግምቱ ዝቅ ሳለ ይገባል፣ ከፍ ሲል ትርፉን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ማንም ቢያሸንፍ ደንታ የለውም። ያ ቦውለርም በቀሪዎቹ ኦቨሮች ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ ሊጫወት ይችላል።

የዚህ ዓይነቱ ሽያጭ በቅርበት የታየው በነሐሴ 2010 ለንደን ሎርድስ ሜዳ ላይ፣ እንግሊዝና ፓኪስታን ባደረጉት የቴስት ግጥሚያ ነው። ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ የተባለው ጋዜጣ ዘጋቢውን የውርርድ ባለሀብት አስመስሎ ማዝሃር ማጂድ ወደተባለ የተጫዋቾች ወኪል ላከ። ማጂድ ሆቴል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተከመረ ገንዘብ ሲቆጥር በድብቅ ካሜራ ተቀረጸ፤ በጠቅላላው የተቀበለው 150,000 ፓውንድ ነበር። በምላሹም የፓኪስታን ቦውለሮች መቼ መስመር እንደሚያልፉ ኳሷን ጭምር ለይቶ ተናገረ፤ መሐመድ አሚር በሦስተኛው ኦቨር የመጀመሪያ ኳስ፣ መሐመድ አሲፍ በአሥረኛው ኦቨር የመጨረሻ ኳስ። ሁለቱም በተባለችው ኳስ ላይ ኖ-ቦል (መስመር አልፎ የተወረወረ ሕገ ወጥ ኳስ) ወረወሩ፤ በማግስቱ አሚር አንድ ጨመረ። ፖሊስ የቡድኑን ሆቴል ሲፈትሽ ጋዜጣው አስቀድሞ ለይቶ ከመዘገባቸው ኖቶች የተወሰኑት በአምበሉ በሳልማን ባትና በአሚር ክፍሎች ተገኙ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጋዜጣው በእነዚያ ኳሶች ላይ አልተወራረደም። ኖ-ቦሎቹ የተገዙት ማጂድ ተጫዋቾቹን በእጁ መያዙን እንዲያሳዩ፣ ማለትም ለወደፊቱ ትልቅ ግዢ ናሙና እንዲሆኑ ነበር። በአንዲት ኖ-ቦል ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያስይዝ አወራራጅ ማግኘት ራሱ አስቸጋሪ ነው፤ ትልቁ ገንዘብ የሚገባው በኦቨሮች ስብስብና በጨዋታው አካሄድ ላይ ነው። ባልደረቦችዎ ኖ-ቦል ባዩ ቁጥር መጮኻቸው ከሎርድስ የወረሱት ልማድ ሳይሆን አይቀርም፤ ሆኖም ኖ-ቦል በማንኛውም ጤነኛ ጨዋታ ውስጥ በየዕለቱ የሚታይ ተራ ጥፋት ነው። የሎርድሶቹን ኳሶች ወንጀል ያደረጋቸው ከመወርወራቸው በፊት ሆቴል ውስጥ የተነገረው ቃል ነው።

የዓይን ፍርድ ምን ያህል እንደሚያታልል የሚያሳየው ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ የሆነው ነው። በጥር 2000 ደቡብ አፍሪካና እንግሊዝ ሴንቹሪየን ላይ ሲጫወቱ ሦስት ቀን ሙሉ በዝናብ ባከነ፤ ግጥሚያው ያለ አሸናፊ ሊያልቅ ሲል የደቡብ አፍሪካው አምበል ሃንሲ ክሮንዬ ሁለቱም ቡድኖች አንዳንድ ኢኒንግስ (የመምቻ ተራ) ትተው በመጨረሻው ቀን ውጤት እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። የእንግሊዝ አምበል ከጀርባው ያለውን ሳያውቅ ተስማማ፤ እንግሊዝም አሸነፈች። ያን ጊዜ ስፖርታዊ ጨዋነት ነው ብለው ያመሰገኑ ብዙዎች ነበሩ። በኋላ ክሮንዬ ከአንድ ቁማርተኛ ገንዘብና የቆዳ ጃኬት መቀበሉ ተገለጠ፤ ለቁማርተኛው ጨዋታው ያለ አሸናፊ እንዳያልቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ማንም ያላማው ጨዋታ የተሸጠ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህ የታወቀውም ሜዳ ላይ በታየ ምልክት አይደለም። በዚያው ዓመት የዴልሂ ፖሊስ ሌላ ወንጀል ሲከታተል ስልክ ጠልፎ በማዳመጥ ላይ ሳለ የክሮንዬንና የአንድ ደላላን ንግግር ሰማ፤ ክሮንዬ በመጀመሪያ ካደ፣ በቀናት ውስጥ ደግሞ ገንዘብ መቀበሉን አመነ፤ ጉዳዩም በዳኛ ኤድዊን ኪንግ ለሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ቀረበ።

ከኮሚሽኑ ፊት ከተነገሩት ሁሉ ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመው የደቡብ አፍሪካው መቺ የሄርሼል ጊብስ ጉዳይ ነው። ክሮንዬ ህንድ ናግፑር ላይ በሚደረገው የአንድ ቀን ግጥሚያ ከ20 ራን በታች ካስቆጠረ 15,000 ዶላር እንደሚያገኝ ነገረው፤ ጊብስም እሺ አለ። ሜዳ ገብቶ ግን 74 አስቆጠረ። በዚያው ጨዋታ ብዙ ራን ለመስጠት የተስማማው ቦውለር ሄንሪ ዊልያምስ ትከሻው ተጎድቶ ሁለት ኦቨር እንኳ ሳይጨርስ ወጣ። ሁለቱም ተስማምተዋልና ለስድስት ወር ታገዱ፤ ገዢው ግን የገዛውን አላገኘም። እንግሊዝ ውስጥም የኤሴክስ ክለብ ቦውለር ሜርቪን ዌስትፊልድ በ2009 በአንድ ኦቨር 12 ራን ለመስጠት 6,000 ፓውንድ ወስዶ የሰጠው 10 ብቻ ነበር፤ እስር ቤት ከመግባት ግን አላዳነውም። ተጫዋቹን በትክክል የገዛ ሰው እንኳ ውጤቱን በእርግጠኝነት አያውቅም። የቴሌግራም ሻጭዎ «መቶ በመቶ» ሲልዎት ይህን ያስታውሱ።

ከኳስ ሌላ የሚሸጥ ነገርም አለ፤ መረጃ ነው። በ1994 የአውስትራሊያዎቹ ማርክ ዋውና ሼን ዋርን «ጆን» ብለው ለሚጠሩት ሰው ስለ ሜዳውና ስለ አየሩ ሁኔታ ነግረው ገንዘብ ተቀበሉ። የአገራቸው የክሪኬት ቦርድ በ1995 በገንዘብ ቀጥቶ ነገሩን ሸሸገው፤ ሕዝብ የሰማው በ1998 መጨረሻ ነው። (እኔ ከተጫዋቾቹ ጥፋት ይልቅ የቦርዱን ዝምታ አከብደዋለሁ፤ እንዲህ ያለ መሸፋፈን ነው ዛሬ ሰው ሁሉንም እንዲጠራጠር ያደረገው።) ዛሬ ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን እንደተጎዳ፣ አምበሉ የሳንቲሙን ዕጣ ቢያሸንፍ ምን እንደሚመርጥ ለውጭ ሰው ማሳወቅ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ተጫዋቾች በግጥሚያ ጊዜ ስልካቸውን የሚያስረክቡትም ለዚህ ነው፤ በ2018 የፓኪስታን ተጫዋቾች ሎርድስ ላይ በእጃቸው ያሰሩትን ዘመናዊ ሰዓት ሜዳ ላይ እንዳያደርጉ ተነግሯቸዋል።

ሰው ለምን ይሸጣል ቢሉ፣ ስስት አንዱ መልስ ነው፤ ነገር ግን በስስት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የዚምባብዌው የቀድሞ አምበል ብሬንደን ቴይለር በጥር 2022 እንደተናገረው፣ በ2019 አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ስለ ስፖንሰርና ስለ አዲስ ሊግ እንወያይ ብሎ 15,000 ዶላር አዘጋጅቶ ጠራው፤ በዚያን ጊዜ ከአገሩ ቦርድ ደመወዝ ሳይከፈለው ስድስት ወር አልፎት ነበር። በግብዣው ምሽት ኮኬይን ወሰደ። በማግስቱ ጠዋት ሰዎቹ የተቀረጸውን ቪዲዮ አሳይተው፣ ጨዋታ ካልሸጥክ እንበትነዋለን አሉት። ገንዘቡን ተቀብሎ አገሩ ገባ፤ ያሳወቀው ከአራት ወር በኋላ በመሆኑ ለሦስት ዓመት ተኩል ታገደ። የመግቢያው መንገድ ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል፤ ስጦታ፣ ግብዣ፣ ወዳጅነት፣ ከዚያ ወጥመድ። የባንግላዲሹ ናሲር ሆሴይን በ2024 የታገደው አቡ ዳቢ ላይ በተካሄደ የቲ10 (የአሥር ኦቨር ጨዋታ) ውድድር ዘመን በስጦታ ያገኘውን ስልክ ባለማሳወቁና ተያያዥ ጥፋቶች በማድረጉ ነው። የአገሩ ልጅ ሻኪብ አል ሃሰን ደግሞ በ2019 ለሁለት ዓመት፣ አንዱ በገደብ ሆኖ፣ የታገደው ጨዋታ ሸጦ ሳይሆን ደላላ ያቀረበለትን ጥያቄ ደጋግሞ በመደበቁ ነው። ስለዚህ አንድ ተጫዋች «በሙስና ታገደ» የሚል ዜና ሲሰሙ የተከሰሰበትን አንቀጽ ሳያዩ ጨዋታ ሸጧል ብለው አይደምድሙ።

ህንዶች ስለ ፓኪስታኖች፣ ፓኪስታኖችም ስለ ህንዶች የሚሉትን በግማሽ ጆሮ ይስሙ። ከላይ ከጠቀስኳቸው ሰዎች መካከል ደቡብ አፍሪካዊ፣ አውስትራሊያዊ፣ እንግሊዛዊ፣ ዚምባብዌያዊ አሉ። ጎረቤታችን ኬንያም አለችበት፤ በ1996ቱ የዓለም ዋንጫ ዌስት ኢንዲስን ሲያሸንፉ የጨዋታው ኮከብ የነበረው ሞሪስ ኦዱምቤ በ2004 ከአወራራጆች ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ ለአምስት ዓመት ታግዷል። የሚኖሩባት ሻርጃ ራሷም ከሐሜት አላመለጠችም፤ የህንድ መንግሥት በ2001 ብሔራዊ ቡድኑ እዚያ ሄዶ እንዳይጫወት የከለከለው ከዚሁ ጥርጣሬ የተነሣ ነው። ጥፋቱ የሚከተለው ዜግነትን ሳይሆን ሕገ ወጥ ገንዘብን፣ ያልተከፈለ ደመወዝንና ልል ቁጥጥርን ነው። በተለይ ለአንድ ሰሞን ተቋቁመው የሚከስሙ፣ ባለቤታቸው በውል የማይታወቅ ትንንሽ ሊጎች ለደላላ የተመቹ ናቸው።

ለምን አይታሰሩም ላሉት፣ የሚታሰሩ አሉ። ሎርድስ ላይ የተያዙት በ2011 ለንደን ውስጥ ተፈርዶባቸዋል፤ ባት 30 ወር፣ አሲፍ 12 ወር፣ ጥፋቱን ሲፈጽም የ18 ዓመት ልጅ የነበረው አሚር 6 ወር፣ ማጂድ 32 ወር። ብዙዎቹ ግን በእገዳ ብቻ የሚያልፉት ጉዳዩን የሚያዩት ሁለት የተለያዩ አካላት ስለሆኑ ነው። በ2000 የፀረ ሙስና ክፍል ያቋቋመው፣ መሥሪያ ቤቱ ዱባይ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ሰውን ከጨዋታ ማገድ ይችላል፤ ጨዋታ ለሸጠ ከአምስት ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ይቀጣል። ነገር ግን ቤት አይፈትሽም፣ ስልክ አይጠልፍም፣ እስር ቤትም የለውም። የሚጠይቀው የማስረጃ ልክም ከወንጀል ችሎት ይቀላል። ወንጀል ለማድረግ የአገሩ ሕግ ያስፈልጋል፤ ስሪላንካ በ2019 ጨዋታ ማጭበርበርን እስከ 10 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገች፤ ደቡብ አፍሪካ በ2004 ባወጣችው የፀረ ሙስና ሕግ ጉላም ቦዲ የተባለ የቀድሞ ተጫዋች በ2019 አምስት ዓመት ተፈርዶበታል። የውርርዱ ገበያ ትልቅ የሆነባት ህንድ ግን በ2013 በአይፒኤል (የህንድ የቲ20 ሊግ) ሦስት የራጃስታን ሮያልስ ተጫዋቾች ሲያዙ ለዚሁ የተለየ ሕግ ስላልነበራት ፖሊስ የተደራጀ ወንጀልን የሚመለከተውን ሕግ ተጠቀመ፤ ፍርድ ቤቱም በ2015 ተከሳሾቹን አሰናበተ። የህንድ የክሪኬት ቦርድ እገዳ ግን ቀጠለ፤ የዕድሜ ልክ እገዳቸው በኋላ ወደ ሰባት ዓመት ዝቅ ብሏል። በሌላ በኩል የቀድሞው የህንድ አምበል መሐመድ አዝሃሩዲን በ2000 የተጣለበትን የዕድሜ ልክ እገዳ ፍርድ ቤት በ2012 ሽሮለታል። ስለዚህ «ታግዷል» እና «ተፈርዶበታል» የሚባሉትን፣ እንዲሁም «ተጠርጥሯል» የሚባለውን አንድ አድርጎ መናገር በሰው ስም ላይ መፍረድ ነው።

አሁን ወደ 500 ድርሃሙ እንመለስ። ሁለት ትክክለኛ ግምት በነፃ የደረሰዎት በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል። ሰውዬው በተለያዩ ቡድኖች በድምሩ 800 ሰው ይሰበስባል። ለ400ው ህንድ ታሸንፋለች ይላል፣ ለቀሪው 400 ትሸነፋለች ይላል። የተሳሳተውን የሰሙትን ይተዋቸዋል፤ ልክ የሰሙትን 400 ደግሞ ለሁለት ከፍሎ በሚቀጥለው ጨዋታ ይደግመዋል። ከሁለት ጨዋታ በኋላ 200 ሰዎች ሁለት ጊዜ ያልተሳሳተ ነቢይ ያገኙ ይመስላቸዋል፤ ከእነርሱ 50ው ብቻ 500 ድርሃም ቢከፍሉ 25,000 ድርሃም ኪሱ ገባ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ክሪኬት አንዳች ነገር ማወቅ አላስፈለገውም። ይህን ያህል መድከም ባይፈልግ እንኳ፣ ሁለት ጊዜ በግምት መምታት ከአራት ሰው ለአንዱ የሚደርስ ዕድል ነው። ቴሌግራም የተላከን መልእክት ማስተካከልና መሰረዝ ስለሚፈቅድ፣ የቡድኑ የቀድሞ ግምቶች ሁሉ ልክ ሆነው ማየትዎም ምንም አያረጋግጥም።

ከሒሳቡ በላይ የሚያሳምነኝ ግን የነገሩ ጥቅም ነው። በእርግጥ የተገዛ ኦቨር በእጁ ያለ ሰው ትርፉ ያለው ሌላው ባለማወቁ ላይ ነው፤ ምስጢሩን ለመቶ ሰው ቢነግር ሁሉም በአንድ ወገን ስለሚያስይዙ ኦዱ (ለአሸናፊ የሚከፈለው ልክ) ወዲያው ይወርዳል፣ አወራራጁም ያልተለመደ ገንዘብ አይቶ ገበያውን ይዘጋል ወይም ለመርማሪ ያሳውቃል። ግምቱ የከሸፈ ዕለት ደግሞ «ተጫዋቹ ፈርቶ ተወው» ይልዎታል፤ እንደ ጊብስ ያለ እውነተኛ ታሪክ ስላለ ሰበቡ የሚታመን ይመስላል፣ ለሚቀጥለውም 1,000 ይጠይቅዎታል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ ከቡድኑ ይውጡ፣ አይክፈሉ፣ የመታወቂያዎን ወይም የባንክ ካርድዎን ፎቶ ለማንም አይላኩ። እስካሁን ልከው ከሆነ ዛሬውኑ ለባንክዎ ያሳውቁ። የሚያስቡት መክፈል ብቻ ሳይሆን መወራረድም ከሆነ፣ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ፈቃድ የሌለው ቁማር በወንጀል የሚያስጠይቅ መሆኑን ይወቁ፤ በ2023 የንግድ ቁማርን የሚቆጣጠር የፌዴራል ባለሥልጣን ቢቋቋምም የቴሌግራም ደላላ ባለፈቃድ አይሆንም። በሥራ ፈቃድ ለሚኖር ሰው ደግሞ የወንጀል ክስ ከገንዘብ ቅጣት አልፎ ሥራንና መኖሪያን የሚያናጋ ነገር ነው። ጓደኛዎ አስቀድሞ ከፍሎ ከሆነ ያስገባዎት በተንኮል ሳይሆን አምኖ ሊሆን ስለሚችል፣ የ800 ሰው ሒሳቡን ወረቀት ላይ አስልተው ያሳዩት፤ የላከውን ገንዘብ ደረሰኝና የሰውዬውን መለያ ሳያጠፋ ያስቀምጥ፣ ውርርድ ገብቶበት ከሆነ ደግሞ ለፖሊስ ከማመልከቱ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር። የከፈለውን ያገኛል ብዬ ግን ተስፋ አልሰጥም።